«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» — ሱስን የሚያስተምሩ መምህራንና መካሪ ያጣ ተማሪ

«መጠይቁን እኮ ሦስት ጊዜ ሞልቻለሁ ወንድም ጋሼ» አለኝ ታናሽ ወንድሜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፉ ነቅቶ ቡና ስንጠጣ። «አንዴ አንደኛ ዓመት እያለሁ፣ አንዴ ሁለተኛ ዓመት፣ አንዴ ደግሞ ልባረር ሁለት ወር ሲቀረኝ። ‹ጫት ትቅማለህ? በሳምንት ስንት ቀን? ሲጋራስ? መጠጥስ? ለማቆም ሞክረህ ታውቃለህ?› ይላል። እውነት እውነቱን ጻፍኩላቸው። በሦስተኛው ላይ እንዲያውም ‹ሞክሬ አቃተኝ፣ እርዱኝ› ብዬ ከታች በእስክሪብቶ ጨመርኩበት። ሰብስበው ወሰዱት። አለቀ።»

አለቀ!

ልጁ በክፍለ ሀገር ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የምህንድስና ተማሪ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገር ሌሎቹ «እሱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» ብለው እፎይ ይላሉና። ሊመረቅ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው ውጤቱ ወርዶ ተባረረ። ዛሬ ቤት ነው ያለው። ቀን ይተኛል፣ ማታ ይነቃል። እናታችን «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጠበል ይዛው ዞረች። እኔ ግን የሰው ዓይን እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲያውም የልጁ መከራ የሚያየው የሰው ዓይን ማጣቱ ነው!

ልጁ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል አለው። በዚያ ክፍል ውስጥ የምክር አገልግሎትን፣ በእነሱ አነጋገር «ካውንስሊንግ»ን፣ የሚያስተምሩ፣ ስለ ሱስ ኮርስ የሚሰጡ፣ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያም በላይ የጫኑ መምህራን አሉ። ከልጁ መኝታ ክፍል እስከ እነሱ ቢሮ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እስከ ጫት ቤቱ ደግሞ ሦስት ደቂቃ። ልጁ የሦስት ደቂቃውን መንገድ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ተመላልሶበታል። የአምስት ደቂቃውን የሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚያች ቀን ኋላ እነግራችኋለሁ። መምህራኑም ወደ እሱ መጥተው አያውቁም፤ መጠይቅ ሊያስሞሉት ካልሆነ በቀር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ቁጥሩንማ እናውቀዋለን!

ለመሆኑ ያ ሁሉ መጠይቅ የት ገባ? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ ታትሞ ውጭ አገር ገባ። ከጎንደር፣ ከአክሱም፣ ከሐረማያ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ... የተማሪው ጫት መቃም ያልተቆጠረበት ነባር ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ይቸግራል። በ2010 ዓ.ም. የአገራችን ተመራማሪዎች እነዚህን ጥናቶች ሰብስበው፣ ደምረውና አካፍለው፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ጫት የሚቅመው ተማሪ በአማካይ 23 ከመቶ ገደማ ነው ብለው አሳተሙ። ከአራት ተማሪ አንዱ ለመሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

ጥሩ ነው፣ ተቆጠረ። መቁጠሩን አልቃወምም። ያልተቆጠረ ነገር መጠኑ አይታወቅም። ነገር ግን አንድን በሽታ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየዓመቱ፣ በዚያው መጠይቅ እየቆጠሩ፣ መጨረሻ ላይ «የምክር አገልግሎት ሊጠናከር ይገባል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰክተው መሄድ ምን ይባላል? ማነው የሚያጠናክረው? «ሊጠናከር ይገባል» ብሎ የጻፈው ሰውዬ ራሱ እኮ ነው የምክር አገልግሎት መምህሩ! እሱ ካላጠናከረው የእርሻ ኮሌጅ መምህሩ መጥቶ እንዲያጠናክርለት ይጠብቃል?

መጠይቁ ስም አይጻፍበትም፣ ስለዚህ የትኛው ልጅ እርዱኝ እንዳለ አይታወቅም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ስሙን አታውቁም። ከአራቱ አንዱ እንደሆነ ግን ታውቃላችሁ! ከመጠይቁ ኋላ «ማቆም ለሚፈልግ እዚህ ቢሮ፣ በዚህ ሰዓት እንገኛለን» የምትል ብጣሽ ወረቀት ማያያዝ ስንት ብር ያስወጣል?

ክኒን የሌለው ሱስ

አንዳንድ አንባቢ «ለበሽታውማ ሐኪም አለ፣ ለምን መምህር ትወቅሳለህ?» ይለኝ ይሆናል። ይህን ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቤተ ሙከራ ከጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ከአምፌታሚን ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ፣ አእምሮን የሚያነቃ ነገር ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚከስም ነው ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማቸው አይሱዙዎች ነፍስ ይማር እያስባሉ የሚበሩት። ለዚህ ሱስ ተብሎ የተረጋገጠ፣ ፋርማሲ ገብታችሁ የምትገዙት ክኒን የለም። መድኃኒቱ ሰው ነው! ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ ሳይሰድብና ሳይሰብክ የሚጠይቅ፣ ቃሚው ራሱ ለምን ማቆም እንደሚፈልግ በራሱ አፍ እንዲናገር የሚያግዝ፣ በሳምንቱ «እንዴት ሆንክ?» ብሎ የሚጠብቅ ሰው። የዓለም የጤና ድርጅት ለዚህ ሥራ ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት ሱሱ ገና ሥር ላልሰደደበት ሰው ከ3 እስከ 15 ደቂቃ የሚፈጅ የተዘጋጀ ንግግር ለውጥ ያመጣል። አሥራ አምስት ደቂቃ! በርጫው አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ምክሩ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ አጣ።

እንግዲህ ሰውዬው መድኃኒት በሆነበት በሽታ፣ መድኃኒቱ መምህር ሆኖ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል ነው የምለው።

«እውነቱን ልንገርህ...»

የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባምና፣ ከእነዚሁ መምህራን አንዱን ቡና ጋበዝኳቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። ስለ ሱስ ማስተማር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

«ለመሆኑ እርስዎ ራስዎ ስንት ሱሰኛ ረድተው ከሱሱ አላቅቀዋል?» አልኳቸው።

ስኒውን ሳህኑ ላይ አዟዟሩት። «እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ አንድም» አሉኝ። «እኔን ያስተማሩኝም አልረዱም። እኔም የማስተምራቸው አይረዱም። ሦስት ኮርስ አለብኝ፣ አንዱ ክፍል ብቻ ስድሳ ልጅ ነው። ማዕረግ የሚያሰጠኝ የታተመ ጥናት ነው። አንድ ተማሪ ቁጭ አድርጌ አንድ ዓመት ባነጋግር፣ ከሱስ ባወጣው፣ ማን ይቆጥርልኛል? የቤት ኪራይ ደግሞ አለ። ቅዳሜና እሁድ የግል ኮሌጅ እሮጣለሁ።»

ቅንነታቸውን አከብራለሁ። የኑሮውንም ነገር ቢሆን ማን ይክዳል? በኅዳር 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዝ ይስተካከልልን ብለው ሥራ እስከማቆም የደረሱት ጠግበው አልነበረም። ዶክተር ተብሎ ልጁን ወተት ማጠጣት ያቃተው ሰው ባለበት አገር መምህሩን ብቻ መርገም ግፍ ነው።

ነገር ግን ሰውዬው ቀጠሉና አንድ ነገር አጫወቱኝ፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። የምክር አገልግሎት ተማሪዎች ተግባራዊ ልምምድ የሚያደርጉት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ መካሪ፣ አንዱ ሱሰኛ ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጡና በእንግሊዝኛ «ምን ይሰማሃል?» ይባባላሉ። መጽሐፉ የፈረንጅ ነው፤ ስለ ሄሮይንና ስለ ኮኬይን ይተርካል። ሀራራን አያውቅም። ምርቃናን አያውቅም። ዱካክን አያውቅም። ከበርጫ በኋላ ጨብሲ ለምን እንደሚመጣ፣ ጫቱ እንዴት ወደ መጠጥ ቤት እንደሚነዳ አያውቅም። እንዴ! የአገራችን ሰው ሲከፋው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ እኮ ነው የሚያለቅሰው! በእንግሊዝኛ ፈተና አልፎ «ኤ» ያገኘ መካሪ፣ አንድ እናት «ልጄን አድንልኝ» ብላ ብትመጣበት በምን ቋንቋ ሊመልስላት ነው?

ደግሞስ አይቻልም እንዳይባል፣ ተችሎ አይተናል። በ1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝቧ የነበሯት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ማሠልጠን ጀመረ። የአእምሮ ሕክምና መምህሩ ሆስፒታል ገብቶ፣ ሠልጣኙን አስከትሎ፣ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ ነው የሚያስተምረው። በእጁ ያልነካውን አያስተምርም። ታዲያ የምክር አገልግሎት መምህሩ ለምን ከዚህ ሕግ ውጪ ይሆናል? በሽተኞቹ እኮ ሩቅ አይደሉም፤ የሚያስተምረው ክፍል ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር ላይ እያንቀላፉ ነው!

የተቆለፈው በር

አሁን ወደዚያች ወደ አንዷ ቀን ልመለስ። ወንድሜ አንድ ማክሰኞ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ፣ «ዛሬስ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ አለ። ተቆልፏል። ጎን ያለው በር ክፍት ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ «የዲሲፕሊን ኮሚቴ» ይላል! ከውስጥ የወጣው ሰውዬ «ምን ፈልገህ ነው? ስምህ ማነው? የየትኛው ዲፓርትመንት ነህ?» አለው። ልጁ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ሄደ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቀላል ነገር አታድርገው። የመካሪ ሥራ መሠረቱ መታመን ነው። ልቤን ዘርግፌ የምነግርህ ነገር ከዚህ ክፍል እንደማይወጣ ካላመንኩህ አልነግርህም። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለስንት ዘመን ተማሪ ተማሪን የሚሰልልበት፣ በኢሕአዴግ ጊዜ «አንድ ለአምስት» እየተባለ ተጠርንፎ ማን ምን እንዳለ የሚዘገብበት ግቢ ነበር። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ያደገ ወጣት፣ ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ጎን ተቀምጦ «ምስጢርህን ንገረኝ» ለሚለው ባለሥልጣን ልቡን ይከፍታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ጠርናፊና መካሪ በአንድ ኮሪደር አይቀመጡም!

ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቁት መምህራኑ ናቸው። የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ምዕራፍ ምስጢር መጠበቅ ነውና። ታዲያ አንድ ቀን ተሰብስበው «ይህ ቢሮ ከዚህ ይነሣ» ብለዋል? ወንድሜ በነበረባቸው ዓመታት እንደሆነ ቢሮው ከዚያው ኮሪደር ንቅንቅ አላለም።

ዝም አይነቅዝም?

ለምን ዝም አሉ? ለዝምታቸውማ ታሪክ አለው። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም በመቃወም ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ተተኮሰባቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከ40 በላይ መምህራን፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ፣ ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። እኔ ያኔ ፊደል እንኳ ያልቆጠርኩ ሕፃን ነበርኩ። ትምህርቱ ግን ለመምህራኑ ሁሉ ደርሷል፤ አፍህን ከከፈትክ ደብዳቤ ይደርስሃል! ከዚያ ወዲህ ስንቱ ምሁር «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ዲግሪው አድርጎ ኖረ።

ግን ይነቅዛል! ዝምታ ይነቅዛል! በዝምታው ውስጥ የነቀዘው የአንድ ትውልድ ልጅ ነው። ደግሞም ስለ ፖለቲካ ዝም ያለው ምሁር ቢያንስ ስለ ሙያው እንኳ መናገር አቃተው? «በሬ ላይ ያለው ጫት ቤት ተማሪዬን ፈጀብኝ» ማለት የመንግሥት ግልበጣ ነው እንዴ?

መንግሥትማ...

እሱማ ዋናው ባለዕዳ ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ አወረደ። ሲጋራን ከተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች አስወጣ። መልካም ተደረገ፣ አመስግነናል። ጫቱስ? ጫቱማ ከቡና ተከትሎ ዶላር ከሚያስገቡት ዋና ዋና ሸቀጦች አንዱ ነው፣ ማን ይነካዋል! በ2004 ዓ.ም. ለብቻው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጥቶለታል። ኪሎው ይመዘናል፣ ግብሩ ይቆረጣል፣ ደረሰኙ ይቀደዳል። ከዚያ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግን በየዩኒቨርሲቲው አንድ መካሪ ለመቅጠር አንዲት ሳንቲም ተነጥላ ስትሰጥ አላየንም።

ልብ በሉ፣ የሐረርጌውን ገበሬ ጫቱን ንቀል አላልኩም። ከሐረማያ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው አወዳይ ላይ የሚያየው ገበያ የስንት ቤተሰብ ጉሮሮ እንደሆነ ያውቃል። ቡናው ሲረክስበት፣ መሬቱ ሲጠበው ገበሬው ወደ ጫት የዞረው ወዶ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። ከቅጠሉ ግብር የሚበላ መንግሥት ቅጠሉ ለሚጥለውም ልጅ ይክፈል ነው የምለው። ከበሬው ወተት አይጠበቅም ይባል ይሆናል፤ ይህኛው ላም ግን ስትታለብ እያየን ነው።

እኛስ?

እሳት ውስጥ ሌላውን ብቻ ማግዶ መውጣት ደግ አይደለም። እኔም የዚሁ መንደር ሰው ነኝ። በግሉ ፕሬስ ውስጥ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ጫት ሳይቀማም የሚያልቅ ጽሑፍ ብርቅ ነው። ለወንድሜ የመጀመሪያዋን ቅጠል የሰጠሁት እኔ እንዳልሆንኩ በጌታ ስም እምላለሁ፤ ግን ክረምት ላይ ለእረፍት ሲመጣ የእኔን ገራባ እየጠረገ ያወጣልኝ እሱ ነበር። ያን ጊዜ «እንዴት ነህ፣ አንተስ ጀመርክ እንዴ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ሦስት ጊዜ መጠይቅ ያስሞሉት መምህራን ቢያንስ ጠይቀውታል። እኔ ታላቅ ወንድሙ ግን አንድም ቀን! ይህችን ጽሑፍ ያለ ቅጠል ነው የጻፍኳት። አራት ቀን ፈጀችብኝ። የዱሮዋ ብትሆን በአንድ ሌሊት ታልቅ ነበር። እንግዲህ ጣቴን የምቀስረው ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም፤ መካሪ ማጣት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ስለ ሱስና ስለ ምክር የሚያስተምር መምህር በሳምንት ግማሽ ቀን በተማሪዎች ክሊኒክ ተቀምጦ ሰው ያነጋግር፤ ተማሪዎቹም እዚያው አጠገቡ ይማሩ። ይህችም ግማሽ ቀን እንደ ኮርስ ትቆጠርለት፣ ለማዕረጉም ትያዝለት፣ ይከፈልበትም።

ሁለተኛ፣ የምክር ቢሮው ከዲሲፕሊን ኮሚቴና ከማንኛውም የፖለቲካ ጠርናፊ ተነጥሎ ለብቻው በር ይከፈትለት። መካሪው የሰማውን ለማንም እንዳይናገር ዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ዋስትና ይስጥ።

ሦስተኛ፣ ተማሪውን የቆጠረ ጥናት ሁሉ ውጭ አገር ከመታተሙ በፊት ለተቆጠረው ተማሪ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት። መጠይቅ ያስሞላ ሁሉ የእርዳታውንም በር ያሳይ። በር የሌለው መጠይቅ አያሰራጭ!

አራተኛ፣ ከጫት ከሚሰበሰበው ግብር ላይ ለሱስ ሕክምናና ለመካሪዎች ደመወዝ የሚውል ድርሻ በሕግ ይቆረጥ። አርባ ምናምን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው አገር አርባ ምናምን በሮች መክፈት አያቅተውም።

ለእናንተ ለመምህራኑ ደግሞ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ጠላታችሁ አይደለሁም። ዲፕሎማዬን ይዤ የእናንተን ዲግሪ ልዳኝ አልተነሣሁም። ነገር ግን ከመጠይቆቻችሁ በአንደኛው ግርጌ፣ ስም በሌለው ወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈች «እርዱኝ» የምትል ቃል አለች። ኮምፒዩተሩ ውስጥ አልገባችም፤ ለእሷ የሚሆን ኮድ የለምና። ወረቀቱን ካልጣላችሁት ፈልጉት። የጻፈው ልጅ እኛ ቤት ነው ያለው። አሁንም መልሱን እየጠበቀ ነው።

ልቦና ይስጠን!